ትረካን በመኪና ማዳመጥ፦ የጅማ አሽከርካሪዎች ተደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከቀና ስድስት ሰዓት፣ ካልቀና ሰባትና ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ለቡና ነጋዴው፣ ለሥራ ለሚመላለሰው፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ ለመጣው ወላጅ፣ ዘፈኑ ሁሉ ተደጋግሞ የሚሰለችበት ርቀት ነው። ደርሶ መልሱ ግን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ያስጨርሳል።

ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት «የትኛው ቴፕ ይሻላል?» በሚል ነው። ትረካ ግን የዘፈን ያህል የድምፅ ጥራት አይፈልግም። የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ሰርቦ ላይ ቁርስ ሊበሉ ሞተር አጥፍተው ሲመለሱ፣ መጽሐፉ ካቆሙበት ዐረፍተ ነገር ይቀጥላል ወይስ ከምዕራፍ አንድ ይጀምራል? ከታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው በዚች ጥያቄ ዙሪያ የሚዞሩ ናቸው።

ለመጀመር አዲስ ቴፕ መግዛት አለብኝ?

የለብዎትም። አንድ ሰው ሲያነብ ለመስማት መኪናው ላይ ያለው ስፒከር፣ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ብቻ እንኳ ቢሠሩ፣ ይበቃል። በመጀመሪያ የቴፑን ፊት ይመልከቱ። ብሉቱዝ ካለው ሥራዎ አልቋል። ከሌለውና ትንሽ ክብ ቀዳዳ (ኦክስ) ካለው፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ገዝተው ስልክዎን ይሰኩ። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለሌላቸው አዳዲስ ስልኮች ከቻርጀር ቀዳዳው ወደ ኦክስ የሚቀይር አጭር ገመድ አለ። ሁለቱም ከሌሉና የፍላሽ ቀዳዳ ካለ እሱም ያገለግላል፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ላይተር ላይ የሚሰካውና የስልኩን ድምፅ በኤፍኤም ሞገድ ወደ መኪናው ሬዲዮ የሚልከው ኤፍኤም ትራንስሚተር ይቀራል። ካሴት ብቻ የሚያጫውት አሮጌ ዲኤክስ ላለው ደግሞ የካሴት ቅርጽ ያለውና ገመዱ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አዳፕተር አለ። የካሴቱ ጎማ እስካልላላ ድረስ፣ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ትራንስሚተሩን ከፍላሹ በኋላ የጠቀስነው ስለተለመደ እንጂ ስለሚያንስ አይደለም። ለትረካ ከሆነ ትራንስሚተሩ ይሻላል። ምክንያቱ ፍላሽ የሚለው ጥያቄ ላይ አለ።

ብሉቱዝ አለው፣ ሲደወልልኝም በስፒከር እሰማለሁ። ትረካው ግን ከስልኩ እንጂ ከመኪናው አይወጣም። ለምን?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። ጥሪ የሚያልፍበት መንገድና ሙዚቃ የሚያልፍበት መንገድ ለየብቻ ናቸው። ስልክዎ ላይ ብሉቱዝ ውስጥ ገብተው የመኪናውን ስም ሲነኩ «ጥሪ» እና «ሚዲያ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ፤ ሚዲያው ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት። ከዚያ ቴፑን ከሬዲዮ ወደ ብሉቱዝ ኦዲዮ ያዙሩት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ጥሪ ሲመጣ ቴፑ ራሱ ስለሚዞር ለትረካም የሚዞር ይመስለዋል። ሁለቱንም አድርገው ካልሠራ፣ ቴፑ ጥሪ ብቻ የሚቀበል የቀድሞ ዓይነት ነው፤ ማስተካከያ የለውም። ወደ ኦክስ ወይም ወደ ትራንስሚተር ይሂዱ።

መኪናዬ ከጃፓን የመጣ ቪትዝ ነው። ትራንስሚተር ገዛሁ፤ የሚሰማኝ ግን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ዕቃው የተበላሸ ነው?

ዕቃው ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ሬዲዮው ነው የማያገኘው። ጥያቄው ጅማ ውስጥ በጣም የተለመደ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንመልሰው።

ጃፓን ውስጥ ኤፍኤም የሚተላለፈው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ አዳዲሶቹ ሬዲዮዎች ወደ 95 ይደርሳሉ። የእኛ አገር ጣቢያዎች ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ናቸው። ለዚህ ነው ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን አብዛኞቹን የማይዘው። ትራንስሚተሮቹ የተሠሩት ለእኛ ዓይነቱ ክልል ነው። ሻጩ 100 ወይም 105 ላይ አድርጎ ከሰጠዎት፣ የእርስዎ ሬዲዮ እስከዚያ ድረስ ስለማይሄድ ምንም አያገኝም።

መፍትሔው ሁለቱ ክልሎች የሚገናኙበትን ጠባብ ቦታ መጠቀም ነው፤ እሱም ከ87.5 እስከ 90 ያለው ነው። ትራንስሚተሩን 88.3 ላይ ያድርጉ፣ ሬዲዮውንም 88.3 ላይ፤ ድምፁ ይመጣል። እዚያ ላይ የሆነ ጣቢያ ከገባብዎት ወደ 88.7 ወይም 89.1 ይሂዱ። ይህን ለማድረግ ዕቃም ሙያተኛም አያስፈልግም።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። አንዳንድ መኪኖች አገር ውስጥ ከገቡ በኋላ ኤክስፓንደር የሚባል ትንሽ ሳጥን ከቴፑ ጀርባ አንቴናው ላይ ይገጠምላቸዋል። ሥራው የእኛን ጣቢያዎች ዝቅ አድርጎ ጃፓኑ ሬዲዮ ወደሚደርስበት ማውረድ ነው። ኤክስፓንደር ካለ ቁጥሮቹ አይመሳሰሉም። ለምሳሌ 10 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ፣ ትራንስሚተሩን 98.5 ላይ አድርገው ሬዲዮውን 88.5 ላይ መፈለግ ይኖርብዎታል። የሚቀንሰው ከሳጥን ሳጥን ስለሚለያይ፣ ቁጥሩን በእርግጠኝነት የሚያውቁትን አንድ የአገር ውስጥ ጣቢያ ሬዲዮዎ ስንት ላይ እንደሚያገኘው ይዩ፤ ልዩነቱ የሳጥኑ ቅናሽ ነው። መኪናው ለዱባይ ገበያ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከትዎትም።

ትራንስሚተሩ ጉልበቱ ጥቂት ሜትር ነው። ስለዚህ መርካቶ አካባቢ መኪና ተጠጋግቶ ሲቆም የጎረቤት ዘፈን በትረካዎ መሃል ቢገባ አይደንግጡ፤ እሱም የእርስዎን ልብ ወለድ እየሰማ ይሆናል።

ቴፑ ጃፓንኛ ብቻ ነው የሚያሳየው። ባትሪ ከተቀየረ ወዲህ ደግሞ ቁጥር እየጠየቀ ተዘግቷል።

ከጃፓን የመጡ ናቪጌሽን ያላቸው ስክሪኖች ኃይል ሲቋረጥባቸው የመቆለፍ ጠባይ አላቸው፤ የካርታው ሚሞሪ ካርድ ከወጣም ብዙዎቹ አይሠሩም። የሚከፍቱ ባለሙያዎች አሉ። ይሁን እንጂ ለመክፈት የሚወጣው ወጪ ከተራ ብሉቱዝ ቴፕ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ መቀየሩን እንመርጣለን። ያልተቆለፈ ከሆነ ግን አይጣሉት። ከነዚህ ስክሪኖች ብዙዎቹ ብሉቱዝ ኦዲዮ አላቸው፤ የስልክዎን ካሜራ ወደ ጽሑፉ አዙረው የሚተረጉም አፕ ቢጠቀሙ ምርጫውን ያገኙታል። ወደፊት ባትሪ የሚያስቀይሩ ከሆነ፣ አሮጌው ሳይነቀል ኃይል እንዳይቋረጥ በሌላ ባትሪ እንዲደግፍልዎት ኤሌክትሪሺያኑን አስቀድመው ይንገሩት።

ፍላሽ ላይ ጭኜ ብሰካስ? ስልኬን ለምን አስቸግራለሁ?

ይቻላል። ግን ከዘፈን ይልቅ መጽሐፍ ፍላሽ ላይ ሲሆን የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ቅርጹ ነው። አብዛኞቹ የመኪና ቴፖች የሚያነቡት በፋት 32 (FAT32) ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፍላሽ መኪና ላይ «ፋይል የለም» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው። በተለመደው የዊንዶውስ ምርጫ በፋት 32 ፎርማት ማድረግ የሚቻለው እስከ 32 ጊጋባይት ያለውን ስለሆነ ትልቅ ፍላሽ መግዛት ጥቅም የለውም። ፋይሉም ኤምፒስሪ ይሁን። ለኦዲዮ መጽሐፍ ተብሎ የተሠራው ኤምፎርቢ (M4B) የሚባለው ዓይነት፣ መጽሐፉን ሙሉ ከነምዕራፉ በአንድ ፋይል የሚይዘው፣ በቴፖች ዘንድ አይታወቅም። እንደ ኦዲብል ካሉ መደብሮች የተገዛ ፋይልም ተቆልፎ ስለሚመጣ ከራሱ አፕ ውጪ አይከፈትም።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ምዕራፎቹን 1፣ 2፣ 3 እያሉ ከሰየሙ ብዙ ቴፖች ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 11ን ያጫውታሉ፤ 2 ሲመጣ ገጸ ባሕሪው ሞቶ ተቀብሮ ነው። 001፣ 002፣ 003 ብለው ይሰይሙ። አንዳንዱ ቴፕ ደግሞ ስሙን ጨርሶ አይመለከትም፤ ወደ ፍላሹ በተገለበጡበት ተራ ነው የሚያጫውተው። ለእሱ ፍላሹን ባዶ አድርጎ ፋይሎቹን በተራቸው መገልበጥ ነው። ስሙን በአማርኛ ከጻፉት ስክሪኑ ላይ ተራ ሳጥን ሆኖ ስለሚታይ ቁጥሩን ያስቀድሙ፤ ቢያንስ ምዕራፉን ያውቁበታል።

ሦስተኛውና ዋናው ቦታ ማስታወስ ነው። ጥሩ ቴፕ ሞተር ሲጠፋ ፋይሉንና ደቂቃውን ይይዛል። ነገር ግን ፍላሹን ነቅለው ሌላ ነገር ሊገለብጡበት ቤት ካስገቡት ይረሳዋል። ርካሹ ቴፕ ፋይሉን ብቻ ይይዝና ከፋይሉ መጀመሪያ ይነሳል። ፋይሉ የሁለት ሰዓት ከሆነ ያቆሙበትን ሲፈልጉ አሰንዳቦ ይደርሳሉ። ስለዚህ ፍላሽ የግድ ከሆነ፣ ረጅሙን ፋይል በነፃ የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ወደሆኑ ቁርጥራጮች ይከፋፍሉት። ቢጠፋብዎት የሚጠፋብዎት ያችን ታህል ብቻ ነው።

ስልክ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው። አፑ ሴኮንዱን ሳይቀር ይይዛል፤ መኪና ውስጥ ያቆሙትን ማታ ቤት በጆሮ ማዳመጫ ይቀጥሉታል፣ ጠዋት መኪናው ከዚያ ይረከባል። ይህን ፍላሽ አይሰጥዎትም።

የትኛውን አፕ ልጠቀም?

ፋይሉ ስልክዎ ላይ ካለ፣ ለአንድሮይድ ስማርት ኦዲዮቡክ ፕሌየር የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱን መጽሐፍ በየፎልደሩ ይይዛል፣ የእያንዳንዱንም ማቆሚያ ለየብቻ ያስታውሳል። ተራ የሙዚቃ ማጫወቻ አይጠቀሙ፤ መጽሐፉን ከዘፈኖች ጋር ቀላቅሎ በዘፈቀደ ሊያጫውተው ይችላል። ከቴሌግራም በቀጥታ የሚያዳምጡ ከሆነም ረዘም ያሉ ፋይሎችን ካቆሙበት ይቀጥላል። ዩቲዩብ ግን ሳይከፈልበት ስክሪኑ ሲጠፋ ስለሚቆም፣ ደግሞም ለማያዩት ቪዲዮ ዳታ ስለሚበላ፣ ለመንገድ አይሆንም።

የአማርኛ ትረካ ከየት ይገኛል?

ብዙ ሰው የሚያገኘው ከቴሌግራም ቻናሎችና ከዩቲዩብ ነው። ተራኪ የሚባለው የአገር ውስጥ አፕ ደግሞ የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ ያቀርባል። እንግሊዝኛ ለሚያዳምጥ፣ ሊብሪቮክስ የባለቤትነት ጊዜያቸው ያለፈባቸውን የቆዩ መጻሕፍት በበጎ ፈቃደኞች ድምፅ በነፃ ያቀርባል፤ እንደተፈለገ ማውረድ ይቻላል። የአንባቢዎቹ ችሎታ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ካልጣመዎት የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ንባብ ይፈልጉ።

ስለ ቴሌግራሙ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ደራሲው ሳይፈቅድ መጽሐፉን አንብቦ መልቀቅ «ለንባብ ባህል» ተብሎም ቢሆን መብት መንካት ነው። የአማርኛ ደራሲ ከመጽሐፉ የሚያገኘው ገቢ ድሮም ቀጭን ነው። በትረካ የወደዱትን መጽሐፍ የታተመውን መግዛት፣ ወይም ፈቃድ ባለው አፕ መክፈል ቢያንስ ያለብን ይመስለናል።

መንገድ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ዳታስ ስንት ይበላል?

ቤት ሆነው አውርደው ይውጡ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ዳታ አያስፈልግም። ለንባብ ድምፅ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት በቂ ነው፤ ይህም በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። የአሥር ሰዓት መጽሐፍ 290 ሜጋባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ያው መጽሐፍ በ128 ሲሆን እጥፍ ይወስዳል፤ መኪና ውስጥ ልዩነቱን የሚሰማ ጆሮ ግን የለም። ከመነሳትዎ በፊት ስልኩን ከኔትወርክ አውጥተው አንዴ ያጫውቱት። የወረደ የሚመስል ግን ያልወረደ ፋይል የሚታወቀው ያኔ ነው።

ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። በተለይ ጠጠር መንገድ ላይ።

ቴፑ ለዘፈን ተስተካክሎ ስለሆነ ነው። የጎማና የሞተር ጩኸት በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ደግሞ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። ቤዙን ከፍ ሲያደርጉት ተራኪው ጎማው ውስጥ ይሰምጣል። ቤዝ (ወፍራሙን) ይቀንሱ፣ ትሬብል (ቀጭኑን) ትንሽ ይጨምሩ፣ «ላውድ» የሚለውን ያጥፉ። ድምፁን ወደ ፊት ስፒከሮች ያምጡት፤ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ለተሳፋሪው እንጂ ለሹፌሩ አይጠቅምም። በኦክስ ወይም በብሉቱዝ ከሆነ የስልኩን ድምፅ ወደ ላይኛው ጫፍ አስጠግተው በቴፑ ይቆጣጠሩ፤ ስልኩ ዝቅ ብሎ ቴፑ ሲጮህ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ አብሮ ይጎላል።

የፍጥነት ነገርም አለ። አፖቹ ንባቡን ማፍጠን ይፈቅዳሉ። አስፋልት ላይ 1.25 ለዘገምተኛ ተራኪ ደህና ነው። ጠጠር ላይና በዝናብ ጊዜ ወደ 1 ይመልሱት። የጅማ ክረምት ጣሪያ ላይ ሲወርድ ግን ምንም ማስተካከያ አያሸንፈውም። አቁመው ዝናቡን ይጠብቁ።

የጥንት የሬዲዮ ትረካዎችን፣ የወጋየሁ ንጋቱን ዓይነት ድምፅ፣ ለሚያዳምጡ የተለየ ነገር አለ። እነዚህ ከካሴት የተገለበጡ ስለሆኑ አንዳንዶቹ ድምፃቸው በግራ በኩል ብቻ ነው ያለው። የግራው ስፒከር የማይሠራ መኪና ላይ ፋይሉ የሞተ ይመስላል። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት በሚለው ሥር «ሞኖ» የሚል ምርጫ አለ፤ ሲበራ ድምፁን ለሁለቱም ያከፋፍለዋል።

በኦክስ ሳዳምጥ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር «ዊይይ» የሚል ድምፅ አብሮ ይወጣል።

ስልክዎ በዚያው ሰዓት ላይተር ላይ ቻርጅ እየተደረገ ነው አይደል? ቻርጀሩን ይንቀሉት፤ ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ እሱ ነው። ስልኩ በሁለት ገመድ ከመኪናው ጋር ሲገናኝ የዲናሞው ጩኸት በዚያ በኩል ወደ ስፒከሩ ይገባል። ስልኩን ሞልተው ይውጡ፣ ወይም ኦክስ ገመዱ መሃል ላይ የሚገባውን ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ይግዙ። በብሉቱዝ ከሆነ ይህ ችግር የለም።

አይሱዙ ነው የምነዳው። ትራንስሚተሩ ይቃጠላል?

የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። ዕቃው ላይ 12–24 የሚል ከተጻፈ ይሠራል፤ 12 ብቻ ካለ አይሰኩት። ለቴፕም እንዲሁ ነው። የ12 ቮልት ቴፕ ለማስገባት ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ይገጠማል። አንዳንድ ሠራተኛ ገንዘብ ለማዳን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መስመር ያወጣልዎታል። ቴፑ ይሠራል፣ ግን አንዱ ባትሪ ከሌላው ቀድሞ እየደከመ ሁለቱንም ያበላሻል። አይፍቀዱለት።

ነዳጅ ወረፋ ላይ ሞተር አጥፍቼ ባዳምጥ ባትሪ ይጨርሳል?

ለረጅም ወረፋ እውነተኛ ስጋት ነው። ቁልፉን ቴፕ ብቻ የሚያበራው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያቁሙት፤ እስከ ሁለተኛው ከዞረ ሌሎች ዕቃዎችም ኃይል መውሰድ ይጀምራሉ። ደህና ባትሪ አንድ ሁለት ሰዓት ችግር የለበትም። ጠዋት ጠዋት እያቃሰተ የሚነሳ ባትሪ ላይ ግን አይሞክሩት፤ ከስልኩ ስፒከር ያዳምጡ። ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ ስልክ ብቻውን ይበቃል።

ትረካ ሹፌርን አያዘናጋም?

ያዘናጋል፤ መጠኑ ግን እንደ መንገዱና እንደ መጽሐፉ ነው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ፣ ሰውም ከብትም በማይበዛበት ሰዓት፣ ብዙ ሹፌር ነቅቶ ለመቆየት እንደሚረዳው ይናገራል። ከሰኮሩ ወደ ጊቤ ሲወርዱ ግን ያጥፉት። ቁልቁለቱ፣ መታጠፊያውና እየተንፏቀቀ የሚወጣው የጭነት መኪና ሙሉ ጆሮ ይፈልጋሉ፤ የራስዎን ፍሬን ድምፅ ጭምር። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ወልቂጤ ከወጡ በኋላ ይቀጥላሉ። የቦንጋ መስመርም መታጠፊያው ስለሚበዛና ዝናቡ ስለማያስታውቅ ያው ነው። በአጋሮ በኩል ገበያ ቀን መንገዱ የሰውና የአህያ ነው፤ ያን ጊዜም ይዝጉት።

መጽሐፉንም ይምረጡ። ስም የሚበዛበት ታሪክ ወይም የፍልስፍና መጽሐፍ አንድ ገጽ ካመለጠ ወደኋላ መመለስ ያስመኛል፤ መመለስ ደግሞ እጅን ወደ ስልክ ይወስዳል። ለሹፌር የሚሆነው ቢያመልጠውም የሚገባው ነው፦ ግለ ታሪክ፣ የጉዞ ትረካ፣ ከዚህ በፊት ያነበበው ልብ ወለድ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ማስታወስ አያስፈልግም፤ ትራፊክ ፖሊስ «ትረካ እየቀየርኩ ነበር» የሚለውን አይሰማም። ስልኩን ማቀፊያ ላይ ያድርጉት፣ ሳይነሱ በፊት ያስጀምሩት፣ አጠገብዎ ሰው ካለ ሥራውን ለእሱ ይስጡት።

እንቅልፍ ከመጣብዎት ደግሞ ትረካ አያድንዎትም። ጥሩ ድምፅ ያለው ተራኪ ጭራሽ ያስተኛል። ዳር ይዘው ይተኙ።

ሚኒባስ ነው የምሠራው። ተሳፋሪው ትረካ ይወዳል?

የማያልቅ ክርክር ነው። ከጅማ አጋሮ የሚሄድ ተሳፋሪ መጽሐፉ መሃል ገብቶ መሃል ላይ ይወርዳል፤ ለእሱ አጫጭር ልብ ወለዶችና ወጎች ናቸው የሚሆኑት፣ በአንድ ጉዞ የሚያልቁ። መንገደኛው ግማሹ አፋን ኦሮሞ የሚቀናው ከሆነም በአፋን ኦሮሞ የተቀዳ ይዞ መገኘት ጥሩ ነው። የፍቅርና የወሲብ ትዕይንት የበዛበት ልብ ወለድ እናትና ልጅ ጎን ለጎን በተቀመጡበት መኪና ውስጥ ሲነበብ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚወርድ የሰማ ያውቀዋል፤ ቀድመው ያዳምጡት። ሰባኪም ይሁን ፖለቲከኛ በሰው ገንዘብ ተሳፍሮ ለመጣ ሰው አይጫንበት። አንድ እትዬ «ልጄ፣ ራሴን አሞኛል፣ ዝጋልኝ» ካሉ ደግሞ መዝጋት ነው።

ባጃጅ ላይስ?

ሞተሩ ጀርባዎ ላይ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ጉዞው ከፈረንጅ አራዳ እስከ አጂፕ ነው። ቃል ለመለየት ድምፁን በጣም ማስጮህ ይጠይቃል፤ ያኔ ተሳፋሪ «ወራጅ» ሲል አይሰሙትም። ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ መድፈን ደግሞ ይባስ ነው። ተራ ሲጠብቁ በስልክ ያዳምጡ፣ ሰው ሲገባ ይዝጉ።

አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። የተለየ ነገር አለ?

መንግሥት በ2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው እየበዛ ነው። መልካሙ ዜና የሚጮህ የነዳጅ ሞተር ስለሌለ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የሚቀረው የጎማና የንፋስ ድምፅ ነው። ሜኑው ቻይንኛ ብቻ ከሆነ ከጃፓኖቹ ጋር ያልነውን የካሜራ ትርጉም ይጠቀሙ። የስክሪኑን የራሱን አፕ ከመታገል ስልኩን በብሉቱዝ ማገናኘት ይቀላል።

መሃል ላይ ሲደወልልኝ ትረካው ያልፈኛል?

በብሉቱዝና በኦክስ አያልፍዎትም፤ አፑ ያቆማል፣ ስልኩ ሲዘጋ ይቀጥላል። በብሉቱዝ ሆኖ ሳይቀጥል ከቀረ መሪው ላይ ያለውን የማጫወቻ ቁልፍ አንዴ ይጫኑ። ስማርት ኦዲዮቡክ ፕሌየርን የመሳሰሉት አፖች ሲቀጥሉ ጥቂት ሴኮንድ ወደኋላ እንዲመለሱ ማድረግ ይቻላል፤ ያብሩት፣ የተቆረጠውን ዐረፍተ ነገር ከመነሻው ያነብልዎታል። ፍላሹ ቴፑ ላይ ከሆነና ጥሪው በስልኩ ብቻ ከመጣ ግን ቴፑ ስለ ጥሪው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማንበቡን ይቀጥላል።